መምህር ደርሶና ሦስቱ ባዶ ቼኮች

የመምህር ደርሶ ለቅሶ ካለቀ በኋላ የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው ቤቴ መጡ። «እማማ ዘሃራ፣ ስለ መምህር የሚያስታውሱትን ይጻፉልን፤ መጽሔት ልናሳትምላቸው ነው» አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። «ለሚያውቅበት ስጡት፤ እኔ በአፌ እነግራችኋለሁ» አልሁ። ሰሚራ ግን፣ ያቺ ዛሬ ወልድያ ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው፣ «ታዲያ መምህር ያን ሁሉ ጊዜ እርስዎን ያስተማሩት ለዓመት በዓል ነው?» ብላ አሳቀችኝ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። እሺ አልሁ።

እንደመጣልኝ እጽፋለሁ። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ እግሬም ምላሴም አንድ መንገድ ይዘው መሄድ አያውቁበትም።

መምህር ደርሶ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናቸው። እኛ ቆላ መርሳ ወርደው በኮሌጁ የሒሳብ መዝገብ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ነጣ። ሙቀቱን ግን አንድም ቀን አልለመዱትም። በጋ ከክረምት ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሰው ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኖ ያልፋሉ። «አውልቁት እንጂ መምህር፣ ሊቀልጡ ነው እኮ» ስንላቸው «አውልቄ ኪሱን ምን ላድርገው?» ይሉናል። እውነትም ኪሱ ቢሮ ነበር። ሦስት እስክሪብቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጠመኔ፣ ማስመሪያ፣ ለባለቤታቸው የሚገዙት መድኃኒት ስም የተጻፈበት ወረቀት፣ አንዳንዴም ሎሚ። ጉሮሯቸውን ሲከረክራቸው ሎሚውን ነከስ አድርገው መልሰው ይከቱታል።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ ሽንኩርት ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር በጋ በጋ ሽንኩርት የምናለማ አርባ ሴቶች ማኅበር ነበረን። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያስገባነው፤ ገንዘብ ያዣችን ይማም። እሱም መጻፍ ስለሚችል እንጂ ሽንኩርት ሲኮተኩት ሥሩን ይቆርጠዋል። እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። ከማንም ተጣልቼ ስለማላውቅ ነው፤ ሌላ እውቀትማ አልነበረኝም። አሮጌው የውኃ መሳቢያ ሞተራችን ነፍሱ እየወጣ ስለነበር ለአዲስ ሞተር ብለን ዓመት በዓመት አጠራቀምን። ባንክ ቤት በቼክ የሚወጣ ሒሳብ ልንከፍት ስንሄድ «በጣት አሻራ አይሆንም፤ ሰብሳቢዋ መፈረም መቻል አለባቸው» ተባልን። ሴቶቹ መከሩና «ሰብሳቢ ከመቀየር እሳቸውን ማስተማር ይቀላል» አሉ። ሄደን መምህር ደርሶን ለመንናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ይመጡ ጀመር። «እነዚህም ይማራሉ፣ እናንተም ትማራላችሁ፤ አንዱ ሌላው ሲስት ያያል» አሉ። የተነቀለ በር ጥቁር ቀብተው ላዩ ላይ የጋቢ ያህል የሚሰፋ ቼክ ሣሉ።

«መጀመሪያ ጉርዱ» ይላሉ በማስመሪያው እየጠቆሙ። «ጉርዱ ደብተሩ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነው። ቅጠሉ ይሄዳል፤ ጉርዱ ቤት ቀርቶ ይመሰክራል። ቀጥሎ ቀኑ። ቀጥሎ የተቀባዩ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ። ከዚያ ገንዘቡ በፊደል፤ ከግራው ጫፍ ተጣብቆ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ‹ብቻ› ይባላል፣ የተረፈው ቦታ በመስመር ይዘጋል። ከዚያ በአሃዝ። ስርዝ ድልዝ የለም! ከተሳሳቱ ‹ተሰርዟል› ብለው ይጻፉበትና ሌላ ቅጠል።»

«ፊርማውስ?» አለች አንዷ።

«ፊርማ የቤቱ ባለቤት ነው። እንግዳው ሁሉ ሳይቀመጥ አይቀመጥም።»

መምህር ሰው ቼክ ሲሞላ ካዩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቀርፋፋ ሰው ከገጠማቸው ፊታቸው ይቀላል። እኔ ስሜን ስጽፍማ እንዴት እንዳልወደቁ አላህ ይወቅ። አንድም ቀን ግን እጄን ይዘው አልጻፉልኝም። «እጅዎን ሰው ከያዘልዎት ፊርማው የያዘው ሰው ነው» አሉኝ። ስሜን ለመጻፍ አንድ በጋ ሙሉ ፈጀብኝ።

አንድ ቅዳሜ ሰሚራን «ሁለት ሺህ ብር ሙዪ» አሏት። ልጅቱ ከመስመሩ መሐል ጀምራ ጻፈች። መምህር ጠመኔውን ተቀበሏትና ከፊት በቀረው ባዶ ቦታ «ሃያ» ጨመሩበት፤ ከአሃዙም ፊት ሌላ የሁለት ቁጥር። ሃያ ሁለት ሺህ ሆኖ ቁጭ። ከኋላ አንዷ «ኧረ እኚህ ሰውዬ ሌባ ናቸው!» ብላ ጮኸች። መምህር ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ዛሬ ሌባው እኔ ነኝ፤ እኔ እመልስላችኋለሁ። የሚቀጥለውን ግን አላውቀውም።»

ቁጥሩንስ ሁሉም ቻለው። ያልተቻለው ሌላ ነበር። በእኛ አገር የምታውቁት ሰው ወረቀት ዘርግቶ «ፈርሚልኝ» ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ሙላው» ማለት ነውር ነው። አላምንህም ብሎ በጥፊ እንደመምታት ነው። ባንክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለ እስክሪብቶና ስለ መስመር ያስተምራል፤ መምህር ደርሶ ግን የትምህርቱን ግማሽ ለዚህ ለይሉኝታው ሰጡት። «ይሙሉትና እፈርማለሁ፤ ሁለት ቃል ናት» ይሉና ተማሪዎቹን ተራ በተራ ያስደግማሉ። ከዚያ ፈተናው ይመጣል።

«እማማ ዘሃራ፣ እርስዎ አክስት ይሁኑና ሰሚራን ባዶ ቼክ ያስፈርሟት።»

እኔም ገባሁበት። «የኔ ሆድ፣ ፈርሚልኝማ፤ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

«ይሙሉትና እፈርማለሁ፣ አክስቴ» አለች ሰሚራ።

«እኔን? እናትሽን ያዋለድሁትን እኔን? አታምኚኝም?»

ልጅቱ ወደ መምህር አየች፣ ወደ እኔ አየች፤ ላብ አጠመቃትና ፈረመች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህር «እማማ ዘሃራ፣ እርስዎ ከእኔ የባሱ ሌባ ነዎት» አሉኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ኮራሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር። ቀጥሎ ፍራሽና ፍየል የጫነ መኪና ከቆቦ በኩል እየመጣ ወደ ደሴ ማለፍ ጀመረ። ቀጥሎ በወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ። ክረምት ነው፣ እኔ ማሽላ እያረምሁ ነኝ። ቀትር ላይ ይማም በጭቃው እየሮጠ መጣ። አስፋልቱ ላይ አይሱዙ ቆሟል፤ ሚስቱና ልጆቹ ላዩ ላይ ተሰቅለዋል፤ ሾፌሩ እጁን ከጥሩምባው ላይ አላነሣም።

«እትዬ ዘሃራ፣ ቶሎ ይፈርሙልኝ። ሦስት ቅጠል ነው፤ እኔ ፈርሜበታለሁ።»

«ምኑ ላይ ልፈርም? ባዶ ነው እኮ።»

«ሞተሩ ደሴ ስንት እንደገባ በምን አውቃለሁ? ባንኩ በአንዴ ስንት እንደሚሰጠኝስ? እዚህ ነገ ባንክ ላይኖር ይችላል! እዚያ አውጥቼ ሞተሩን ገዝቼ አስቀምጠዋለሁ።»

«ይማም…»

«አያምኑኝም?»

ሚስቱ ከላይ ታየኛለች። ሕፃኑ ያለቅሳል። «ይሙሉትና እፈርማለሁ» ያችን ሁለት ቃል አፌ ውስጥ ፈለግኋት፤ አልነበረችም። ወደ አስፋልቱ ወጥቼ ወረቀቶቹን አይሱዙው በር ላይ አስደግፌ ሦስቱንም ፈረምሁ። ፊርማዬ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

ይማም ቅጠሎቹን ቀዶ ደረት ኪሱ ከተተ። ደብተሩን «መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፣ ይቅር» ብሎ ተወልኝ። እኔም ወስጄ ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ከዚያው መኪና ላይ የነበረች አንዲት ሴት በእግሯ ተመለሰች። ውርጌሳ አቅራቢያ ዘራፊዎች አስቁመዋቸው ሻንጣውም፣ ኪሱም፣ የሴት መቀነት ሳይቀር ተበርብሯል።

«ይማምስ?» አልኋት።

«ካልሲውን አስወልቀው በባዶ እግሩ ነው የሰደዱት። ነፍሱ ተርፋለች፣ አልሃምዱሊላህ።»

ነፍሱ በመትረፏ እኔም አመሰገንሁ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ሁለታችን የፈረምንበት ሦስት ባዶ ወረቀት በማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ባንክ ክፍት የሆነበት አገር ከደረሰ የፈለገውን ቁጥር ይሞላበታል። የአርባ ሴት ሞተር አለቀለት።

መርሳም ተያዘች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንኩ ተቆልፏል። የአንዷ በሬ ሄደ፣ የሌላዋ ሱቅ ባዶ ቀረ። ሴቶቹ ወንዝ ስንገናኝ «ብቻ የማኅበራችን ብር ባንክ ነው፤ እሱን ማንም አይነካው። ኢንሻአላህ ሰላም ሲሆን ሞተር ገዝተን እንነሣለን» ይላሉ። አንገቴን እነቀንቃለሁ። ቤቴ ስገባ እጄን ጎታው ውስጥ ከትቼ ደብተሩን እዳስሳለሁ።

መምህር ደርሶ አልሸሹም ነበር። ባለቤታቸው የደም ግፊት አለባቸው፤ ረጅም መንገድ አይችሉም። ኮሌጁ ስለተዘጋ ከተማው ውስጥ የቀሩትን ሰባት ስምንት ተማሪዎች ሰብስበው ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር ማስተማር ጀመሩ። በፓስታ ካርቶን ላይ ቼክ እየሣሉ ያስሞሏቸዋል። አንዱ ተማሪ ሆዱ ብሶት «መምህር፣ ባንክ በሌለበት አገር ቼክ መሙላት ምን ያደርግልናል?» አላቸው።

«ባንኩ ተዘጋ እንጂ ሞተ አልተባለም» አሉት። «ሲከፈት ወረፋው ረጅም ነው የሚሆነው። ያኔ መስኮቱ ጋ ደርሳችሁ ‹እንዴት ነበር?› እንዳትሉ።»

አንድ ቀን ትምህርቱ የጠፋ ቼክ ላይ ደረሰ። እኔ ከወዲህ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ቅርፊቱን ሳህኑ ውስጥ፣ ፍሬውን መሬት ላይ ስጥል ቆይቻለሁ፤ ያየሁት በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠበቅሁና «መምህር፣ ባዶ ፈርሜያለሁ» አልኋቸው።

«ስንት?»

«ሦስት።»

ኮታቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥሁ። ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አስቀመጡትና «ጉርዱስ?» አሉ።

«ማሽላው ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ የቼኮቹ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ቁጥሩ ካለ ክፍያውን ማሳገድ ይቻላል። ደብዳቤ ይጽፋሉ።»

«እኔ?»

«እና ማን? የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ባንኩ የሚያውቀው የእርስዎን እጅ ነው፤ የእኔ እጅ እዚያ ምኑም አይደለም።»

«እኔ እኮ ከስሜ ሌላ…»

«ስምዎን ከጻፉ ፊደሉ ቤትዎ ገብቷል። የቀሩት ዘመዶቹ ናቸው።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። «ይሉኝታ ይዞኝ ነው፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ…» ስል «አውቃለሁ» ብቻ አሉ። «ማንጎው ሥር ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ጥሩምባ አይሰማም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከነገ ጀምሮ በጩኸት ነው የምናስተምረው።» በእርግጥም በማግሥቱ አንዱን ተማሪ ቆርቆሮ እያስደበደቡ ሌሎቹን ቼክ አስሞሉ።

ደብዳቤው ዘጠኝ ቀን ወሰደ። ፊደል የጎደለኝን እጠይቃቸዋለሁ፤ መሬት ላይ በእንጨት ይጽፉልኛል፤ እኔ ወረቀቱ ላይ እገለብጣለሁ። እንዲህ ነበር የሚለው። «እኔ የሽንኩርት ማኅበሩ ሰብሳቢ ዘሃራ ነኝ። ሦስት ቼክ ባዶውን ፈርሜ ጠፍቶብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥራቸው ከዚህ በታች አለ። እነዚህን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር እባካችሁ አትክፈሉት። ገንዘቡ የአርባ ሴቶች ነው።»

«‹ጥፋቱ የእኔ ነው› የሚለው ለባንኩ አያስፈልግም» አሉኝ።

«ለእኔ ያስፈልገኛል።»

«እንግዲያ ይኑር።»

መጨረሻው መስመር ላይ ባዶ ቦታ ስለተረፈ ማስመሪያቸውን ተውሼ በመስመር ዘጋሁት። ያን ሲያዩ በጦርነቱ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብለው ሳቁ።

የባለቤታቸው መድኃኒት እያለቀ ስለነበር ደሴ መሄዳቸው አልቀረም። ያኔ ደሴ ገና አልተያዘችም፤ ሰው በአምባሰል ተራሮች ዞሮ በእግሩ ይደርስባት ነበር። ደብዳቤውን በኮታቸው ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ባለቤታቸውን እኔ ዘንድ አስቀመጡ። ጠዋት ወደ ደጋ ገበያ ከሚወጡ ሴቶች ጋር ጃንጥላቸውን ይዘው ሲሄዱ ገበሩን ነካ ነካ አድርገው ደብዳቤውን እንዳያስነቁ ፈራሁ፤ አልነኩትም።

መድኃኒቱ በሰው እጅ መጣ። ከመድኃኒቱ ጋር ግን ቃል አልመጣም። ከዚያ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ፤ ደሴም ተያዘች ተባለ። ሁለት ወር ያህል ባለቤታቸውን ባየሁ ቁጥር ባላቸውን ለሦስት ወረቀት የላክሁባቸው ሴት ነኝ እያልሁ አንገቴን እደፋ ነበር። እሳቸው ግን «ደርሶ መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ማስተማር ይጀምራል፤ ለዚያ ነው የቆየው» ይሉኛል።

ጦሩ ከከተማችን ለቆ ሰው መመለስ ሲጀምር መምህርም መጡ። ኮቱ ሁለት ሰው የሚይዝ ሆኗል። ገና ጃንጥላቸውን ሳያስቀምጡ «ደብዳቤዎ ባንክ ገብቷል፤ ማኅተም ተደርጎበታል። ገንዘቡም አልተነካም» አሉኝ። ይህን ብቻ። ማንጎውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ይማምም ከነቤተሰቡ ተመለሰ፤ «ቼኮቹ ጠፍተዋል፣ እትዬ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ግድ የለህም ልጄ፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አልሁት።

ባንኩ ሲከፈት አርባዎቹን ሴቶች ሰብስቤ አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ያችው መምህርን ሌባ ያለቻቸው «ሌባውን በጠመኔ ስንፈልግ ለካ ሰብሳቢያችን ኖረዋል!» አለች፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ገንዘቡ አለ አይደል?» አለች ሌላዋ። «አለ።» «እና ምን ይጠብቃሉ? ዘሩ እኮ ሊያልፍብን ነው!»

ሞተሩን ከወልድያ ያመጣው ነጋዴ ደግ ልጅ ነው። «እማማ፣ ይፈርሙና ይስጡኝ፤ እንዳይደክሙ እኔ እሞላዋለሁ» አለኝ።

«ልጄ፣ ተቀመጥ። ሻይ ይምጣልህ» አልሁት። «ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ንገረኝ።»

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ጉርዱን ሞላሁ፣ ቀኑን፣ ስሙን፣ ገንዘቡን በፊደል። «ብቻ» ብዬ መስመሩን ዘጋሁ። አሃዙን ጻፍሁ። መምህር ከበሩ ጋ ቆመው ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ስፈርም ተነፈሱ። በሳምንቱ ውኃው ቦይ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ በዚያ ዓመት ያነሣነው ሽንኩርት የተጎዳውን ቤት ሁሉ ባያቆምም ሰውን ማሳው ላይ አቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያ ደብዳቤ መጠሪያዬ ሆነ። ግራናም ሲሪንቃም ያሉ የሴቶች ማኅበራት እየጠሩኝ «ቼክ እንዳትፈርሙ፣ ባዶ! ከፈረማችሁ ደግሞ ጻፉ! የእኔ ደብዳቤ ነው የአርባ ሴት ገንዘብ ያዳነው» እያልሁ አስተማርሁ። በእኔ ጉራ ተነሣሥተው በስተርጅና ፊደል የቆጠሩ ስንትና ስንት ሴቶች አሉ። መምህር አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡኛል። ሎሚያቸውን ነከስ ያደርጉና ዝም ይላሉ።

አሁን ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ይማም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም ሸብቷል።

«እትዬ ዘሃራ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እሳቸው ካለፉ ቃሉን የምጠብቅለት ሰው የለኝም» አለኝ። «ያን ጊዜ ፊት ፊታችን ያለው መኪና ሲበረበር አየሁና ሦስቱንም ቼክ አኝኬ ዋጥኋቸው። ማንም እጅ አልገቡም።»

«ዋጥኻቸው? እና ስትመለስ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ደሴ ገበያ መሐል መምህርን አግኝቼ ነግሬያቸው ነበር። ኮታቸውን ተርትረው ደብዳቤዎን አወጡና እዚያው ቆመው አነበቡልኝ። ‹እንግዲህ ምን ያደርጋል መምህር፣ ይቅር፤ መድኃኒቱን ይዘው ይመለሱ› አልኋቸው። ‹እሳቸው የጻፉት እኮ ነው፤ ባንክ ይገባል። አንተ ጠፍተዋል በላቸው፣ ውሸት አይሆንብህም› አሉኝ። የተፈናቃዩ ሰልፍ ከባንኩ በር እስከ አስፋልቱ ነበር፤ መድኃኒቱን በሰው እጅ ላኩና ሄደው መጨረሻው ላይ ቆሙ። ሁለት ቀን ቆሙ፣ እትዬ።»